የሌሊት አስሜን ያስታገሰው የቃር ሕክምና

በአዳማ የበጋ አቧራ አስሜ ቢቀሰቀስ አይደንቀኝም። ግራ ያጋባኝ ቀን ደኅና ውዬ ሌሊት ጋደም ስል ደረቴ ሲር ሲር ማለቱ ነበር። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እራቴ ነው፤ ቀጥላ ጠዋት አፌን ይኮመጥጠኝ እንደሆነ። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ የምግብ ቧንቧን ነርቭ ይቀሰቅሳል፤ የአየር ቧንቧም በዚያው ይጠባል። ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ከሾለከ ደግሞ ይብሳል።

የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከቁርስ በፊት ታዘዘልኝ፤ እራቴም ከመኝታ 3 ሰዓት ቀደመ። በጣም የረዳኝ ግን በአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር የብሎኬት ቁራጭ አድርጌ 15 ሴንቲሜትር ያህል ማንሳቴ ነው። ትራስ መደራረብ አይተካውም፤ ሆድን አጥፎ አሲዱን ወደ ላይ ይገፋል። ቃር ያለበት አስመኛ ሁሉ በዚህ ይሻለዋል ማለት አይደለም። እኔም የአስም መድኃኒቴን አላቋረጥኩም፤ ሌሊት ተነስቶ የአስም ማስታገሻ መንፋት ግን ቀርቶልኛል።