ሳማሪያን ስትወርዱ መኪናችሁን ተዉት

የግሪኳ ክሬት ደሴት ሄዳችሁ የሳማሪያን ሸለቆ ልትወርዱ ካሰባችሁ፣ የተከራያችሁትን መኪና ላይኛው መግቢያ ላይ እንዳታቆሙ። የእግር መንገዱ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አብዛኛው ቁልቁለት። የምትደርሱት አጊያ ሩሜሊ የምትባል የባሕር ዳር መንደር ነው። እዚያ ደግሞ የመኪና መንገድ የለም! የሚያወጣችሁ ጀልባ ነው፤ ሱጊያ ወይም ሆራ ስፋኪዮን የሚባሉ የባሕር ዳር መንደሮች ያደርሳችኋል። ስለዚህ በማለዳ ከሃኒያ ከተማ በአውቶቡስ ሂዱ፣ ማታም በአውቶቡስ ተመለሱ። የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈትናል፤ ድንጋይ ላይ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ። ውኃ ብዙ አትሸከሙ፣ መንገድ ላይ ምንጭ አለ። ሸለቆው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ክፍት የሚሆነው ከሜይ እስከ ኦክቶበር ነው፤ ከባድ ዝናብ ከመጣ ግን ይዘጋል።

ፏፏቴ ለሚወድ ደግሞ በምሥራቅ ክሬት ሪክቲስ የሚባል ሸለቆ አለላችሁ።