በሲኤስኤስ ግሪድ ላይ ጌጥ መደረብ፦ ካርዶቹ ሳይነቃነቁ

እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሰሞን ነበር። የሐበሻ ልብስ ለሚሸጥ አንድ ሱቅ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነበር። ሦስት ቀሚሶች፣ ሦስት ካርዶች፣ አንድ ረድፍ። ካርዶቹን የደረደርኳቸው በግሪድ ነው፤ የገጽን መልክ በምንጽፍበት በሲኤስኤስ ነገሮችን በአምድና በረድፍ መደርደሪያ ማለት ነው። የሱቁ ባለቤት "ከዳር ጥጉ ላይ አደይ አበባ ጣል አድርግልኝ" አለችኝ። አበባዋን 3ኛው አምድ፣ 1ኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኳት። ገጹን ሳድሰው 3ኛው ቀሚስ ከቦታው የለም። ወደ ታች ወርዶ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ብቻውን ቁጭ ብሏል።

ነገሩ የብራውዘር ስህተት አይደለም። ግሪድ ውስጥ በቀጥታ የገባ ነገር ("ልጅ" እንለዋለን) ሁሉ ቦታ ይቆጠርለታል። ረድፉና አምዱ በቁጥር የተነገረለት ቀድሞ ይቀመጣል። ያልተነገራቸው ደግሞ የቀሩትን ባዶ ሳጥኖች በተራ ይይዛሉ፤ የተያዘ ሳጥን ውስጥ አይገቡም። አበባዋ የ3ኛውን ቀሚስ ቦታ ይዛ ነበር ማለት ነው። ከሲኤስኤስ ብቻ፣ በቢፎር እና በአፍተር የምንፈጥራቸው ጌጦችም ኤችቲኤምኤሉ (የገጹ ይዘት የሚጻፍበት ኮድ) ውስጥ ባይጻፉም ለግሪዱ እንደማንኛውም ልጅ ናቸው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ጌጥ ይታይ እንጂ ቦታ አይያዝ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማድረግ ነው። የትእዛዞቹን ስም ስንጠራቸው እንደምንለው ጽፌአቸዋለሁ።

መጀመሪያ ጌጡ የማን እንደሆነ ለዩ

አበባዋ የአንድ ቀሚስ ጌጥ ከሆነች ያ ካርድ ውስጥ ትግባ። ካርዱ የትም ቢሄድ አብራው ትሄዳለች። የጠቅላላው ድርድር ጌጥ ከሆነች ግን በቀጥታ የግሪዱ ልጅ ትሁን። ይህን ሳይለዩ ኮድ መጻፍ የጀመሩ ሰዎች በኋላ ስልክ ላይ ሲያዩት ይደነግጣሉ። ሦስቱ አምዶች አንድ ሲሆኑ አበባዋ ያልታሰበችበት ካርድ ላይ ትገኛለች።

የእኔዋ የድርድሩ ጌጥ ነበረች።

ከዚያ አብሶሉት አድርጉት፣ ግን የግሪዱን መስመሮች አትልቀቁ

ኮንቴይነሩን፣ ማለትም ካርዶቹን ሁሉ የያዘውን ሳጥን፣ ዲስፕሌይ ግሪድ አድርጉና ፖዚሽን ሬላቲቭ ጨምሩበት። አምዶቹን ሪፒት 3፣ ሚንማክስ 0 እና 1 ኤፍአር ብላችሁ ስጡ፤ ሦስት እኩል አምዶች ማለት ነው። ቀጥሎ ለአበባዋ ፖዚሽን አብሶሉት ስጧት። በዚህች ቅጽበት አበባዋ ከቆጠራው ትወጣለች። 3ኛው ቀሚስ ወደ ቦታው ይመለሳል። ምስሏ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን ረድፉን አትለጥጠውም።

እዚህ ጋ ብዙዎች ግሪዱን ረስተው ከላይ ይህን ያህል፣ ከግራ ይህን ያህል ፒክስል እያሉ መቁጠር ይጀምራሉ። አያስፈልግም። ኮንቴይነሩ ሬላቲቭ እስከሆነ ድረስ አብሶሉት የሆነ ልጅም ግሪድ-ኮለም እና ግሪድ-ሮው ይቀበላል። እነዚህ ከየትኛው መስመር እስከ የትኛው እንደሆነ ይናገራሉ፤ መስመር የአምድ ወይም የረድፍ ጠርዝ ነው፣ ሦስት አምድ አራት መስመር አለው። ልዩነቱ፣ ያ ቦታ አሁን የሚለካበት ክልል ይሆናል እንጂ አይያዝም። ግሪድ-ኮለም -2 / -1፣ ግሪድ-ሮው 1 / 2፣ ቶፕ -30 ፒክስል፣ ራይት -20 ፒክስል ብላችሁ ስትጽፉ፣ አበባዋ ከመጨረሻው አምድ የላይኛው ቀኝ ጥግ በ30 እና በ20 ፒክስል ወጣ ብላ ትቀመጣለች። አምዶቹ ቢሰፉም ቢጠቡም ጥጉን አትለቅም።

-2 / -1 ያልኩት በምክንያት ነው። አሉታዊ ቁጥር ከመጨረሻው መስመር ወደ ኋላ ይቆጥራል። ሦስት አምድ ሲኖር ከ3 እስከ 4 ማለት ነው። ስልክ ላይ አንድ አምድ ብቻ ሲቀር ከ1 እስከ 2 ይሆናል። ኮዱን ሳትነኩት ይሠራል።

አሉታዊ ቁጥር ግን አንድ ጣጣ አለው። የሚቆጥረው እናንተ በግልጽ የጻፋችኋቸውን መስመሮች ብቻ ነው። ረድፎቹን ብራውዘሩ ራሱ እየፈጠረ ከሆነ -1 እስከ ታች አይደርስም። በድርድሩ ጎን ላይ የጥለት ምስል ከላይ እስከ ታች ላወርድ ስል ግሪድ-ሮው 1 / -1 ጽፌ አልሠራ ብሎኝ ብዙ ደክሜያለሁ። መፍትሔው ግሪድ-ሮው ጨርሶ አለመጻፍ ነው። መስመር ካልተነገረው አብሶሉት የሆነ ልጅ የሚለካው ከኮንቴይነሩ ዳር እስከ ዳር ነው። ኢንሴት-ብሎክ 0 እና ሃይት 100% በሉት፤ ጥለቱ እስከ ታች ይወርዳል።

ጽሑፍ ምስል ላይ ሲደረብ መንገዱ ሌላ ነው

ገጹ አናት ላይ ትልቅ ፎቶ አለ እንበል። በላዩ ጠቆር ያለ ስስ ሽፋን፣ ከዚያም "እንኳን አደረሳችሁ" የሚል ጽሑፍ። እዚህ አብሶሉት አትጠቀሙ። ጽሑፍ ጌጥ አይደለም፤ ቦታ ሊቆጠርለት ይገባል። ሦስቱንም ለየት ባለ አንድ ግሪድ ውስጥ አስገቡና ለሁሉም ግሪድ-ኤሪያ 1 / 1 ስጧቸው። አንድ ሳጥን ውስጥ ይነባበራሉ። ሳጥኑ ከሦስቱ በትልቁ ልክ ይሆናል። አንድ ሰው ስልኩ ላይ ፊደሉን ቢያተልቅ ሳጥኑም አብሮ ያድጋል፣ ጽሑፉ አይቆረጥም። የሽፋኑን ጥቁረት ስትመርጡ ደግሞ የጽሑፉና የጀርባው የንጽጽር መጠን ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን፤ ለትላልቅ ፊደላት 3 ለ 1 ይበቃል።

ማን ከላይ፣ ማን ከታች

ኮዱ ውስጥ በኋላ የመጣ ከላይ ይሆናል፤ አብሶሉት የሆነ ጌጥ ግን ቀድሞ ቢመጣም ፖዚሽን ካልተጻፈላቸው ካርዶች በላይ ነው። ይህን መቀየር ከፈለጋችሁ ዚ-ኢንዴክስ አለ። የግሪድ ልጆች ላይ ፖዚሽን ሳይጻፍም ይሠራል። ጌጡን ከካርዶቹ ሥር ለማድረግ -1 ስትሰጡት ግን ድራሹ ሊጠፋ ይችላል፤ ከኮንቴይነሩ ጀርባ ቀለም ሥር ገብቷል ማለት ነው። ኮንቴይነሩ ላይ አይሶሌሽን አይሶሌት ጨምሩ። ጌጡ ከጀርባው ቀለም በላይ፣ ከካርዶቹ በታች ይቆማል።

ጣት ነክቶ ካልሠራ

እያንዳንዱ ካርድ ቀኝ ጥግ ላይ "ወድጄዋለሁ" የሚል የልብ ምልክት ነበረው። 3ኛው ካርድ ላይ ያለው ቢነካ ቢነካ አይሠራም። ልቡ ይታያል፤ አበባዋ አልሸፈነችውም። ምስሏ ግን 160 በ160 ፒክስል የሆነ ካሬ ነው። አበባው የሚይዘው መሃሉን ነው፤ ዙሪያው ባዶ ይመስላል እንጂ ምስሉ እዚያም አለ። ጣት የሚያርፈው በዚያ በማይታየው ጠርዝ ላይ ነበር። ለማንኛውም ተደራቢ ጌጥ ፖይንተር-ኢቨንትስ ነን ጻፉ። ጣት አልፎት ሥር ያለውን ይነካል። እኔ አሁን ይህን መስመር ቀለም እንኳ ሳልመርጥ ነው የምጽፈው።

ማየት የተሳናቸው ሰዎች ገጹን በስክሪን ሪደር እንደሚሰሙትም አስቡ። ለጌጡ ምስል አልት (ምስሉን በቃል የሚገልጸው ጽሑፍ) ባዶ ይሁን። ኤስቪጂ (በኮድ የተሳለ ምስል) ከሆነ፣ ስክሪን ሪደሩ እንዲያልፈው አሪያ-ሂድን ትሩ ይጨመርበት። "አዲስ" ወይም "ቅናሽ" የሚል ምልክት ግን ጌጥ አይደለም፣ መረጃ ነው። እሱን በቢፎር አትፍጠሩት፤ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ።

ስልክ ላይ ገጹ ወደ ጎን ሲንሸራተት

ራይት -20 ያልነው ጠባብ ስክሪን ላይ ገጹን ወደ ጎን ሊያስረዝመው ይችላል። የብዙ ሰው መልስ ኦቨርፍሎው-ኤክስ ሂድን ነው፤ በጎን የተረፈውን ደብቅ ማለት ነው። እኔም ጻፍኩት። መንሸራተቱ ቆመ፣ የአበባዋ አናት ግን ተቆረጠ። አንዱ አቅጣጫ ሂድን ሲሆን ሌላው ክፍት ሆኖ መቆየት ስለማይችል ነው። በሂድን ፋንታ ክሊፕ በሉት። ጎኑን ብቻ ቆርጦ ላይኛውን ይተወዋል።

በእስራኤል ወይም በገልፍ አገሮች ላሉ ደንበኞች የዕብራይስጥ ወይም የዐረብኛ ገጽ አብራችሁ ከሠራችሁ፣ ራይት የሚለውን በኢንሴት-ኢንላይን-ኤንድ ተኩት። ከቀኝ ወደ ግራ በሚነበብ ገጽ ላይ የአምድ መስመሮች ከቀኝ ይቆጠራሉ። ራይት ግን ሁልጊዜ ቀኝ ነው፤ ጌጡ በሁለት ካርዶች መሃል ይገባል።

ስትጨርሱ የብራውዘሩን ኢንስፔክት (የገጹን ኮድ የሚያሳየውን መሣሪያ) ክፈቱ። ክሮምም ፋየርፎክስም የግሪዱን መስመሮች ከነቁጥራቸው ያሳያሉ። ከዚያ ጌጡን መርጣችሁ ዲሊት በሉት። አንድ ካርድ እንኳ ንቅንቅ ካለ ጌጡ አሁንም ቦታ ይዟል፤ ፖዚሽኑን ተመልከቱ።