አባታችሁ ካሳ ሲከፈላቸው፦ ውጭ ላላችሁ

«የአባቴ እርሻ ለልማት ተወሰደ፣ ካሳ ሊከፈላቸው ነው፣ እዚህ ሆኜ ምን ላድርግ?» በየሳምንቱ የሚመጣልኝ ጥያቄ ነው። አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ወረቀቱ አያስቸግርም። ውክልና ከፈለጋችሁ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳችሁ ታሠራላችሁ፤ አገር ቤት ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ሰልፉን ታውቁታላችሁ።

ጣጣው የሚመጣው ብሩ ባንክ ሲገባ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ካሳው የመሬቱ ዋጋ አይደለም። ላዩ ላይ ላለው ንብረትና ለሚቋረጠው ገቢ የሚከፈል ነው። የብዙ ዓመት ቀለብ በአንድ ቀን እጅ ገባ ማለት ነው። ለገበሬው ግን ይህን የሚነግረው የለም፤ ሁሉም «ሚሊየነር ሆንክ» ነው የሚለው።

ሰበታ አካባቢ ያሉት አጎቴ እንዲህ ሆኑ። ትልቁ ልጅ «አባዬ፣ ለምን ባንክ ይንከራተታሉ» አላቸው። ተስማሙና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ውክልና ሰጡት። ደላላ ከማለዳ ጀምሮ ደጃቸው ይቆም ጀመር። አሮጌ አይሱዙ ተገዛ፣ በልጁ ስም። ታናሹ «የኔስ?» ሲል ባጃጅ። አማቹም ድርሻ አለኝ አለ። ሥጋ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ሂሳቡን ለአጎቴ ይተውላቸዋል። ባለቤታቸውን ማንም አላማከራቸውም፤ ገንዘቡ የሳቸውም ነበር እኮ! ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው በየወሩ ትልክ ነበር፤ «ተይው፣ እግዜር ሰጥቶናል» አሏት። በኋላ የጤፍ መግዣ አጥተው የደወሉት ለሷው ነው። ወንድማማቾቹ አሁን የሚገናኙት ፍርድ ቤት ነው።

ልጁን ሌባ አልለውም። በሬ ሲጠፋ ፍለጋ ወጥቶ ጫካ የሚያድር ልጅ ነበር። እናንተም «ወንድሜን አውቀዋለሁ» ትላላችሁ። የምታውቁት ብር ሳይኖረው ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችሁ የሚፈርሙትን ውክልና ፎቶ አስነሱና አንብቡት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፤ ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሰነዶች ማረጋገጫ በር ላይ የሚተየበው ፎርም ግን «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ገንዘብ ለማውጣት» እያለ ሁሉንም ይደረድራል። ገንዘብ ማውጣት የሚለው ይሰረዝ። የባንክ ሂሳቡ በአባትና በእናት ጣምራ ፊርማ ይንቀሳቀስ። ምትክ ቦታ ከተሰጠ ካርታው በሁለቱም ስም ይውጣ። ውክልና ከተሻረ ለባንኩም በጽሑፍ ይነገር፤ አለበለዚያ ወኪሉ በአሮጌው ወረቀት መሄዱ አይቀርም።

እናንተም «ድርሻዬስ» ብላችሁ ቀድማችሁ አትጀምሩ። ከቻላችሁ የወሩን ብር አታቋርጡ፤ ቀለብ ከሌላ ከመጣ ካሳው ሳይነካ ይቆያል። ወንድማችሁ በዋትሳፕ «ምርጥ ቢዝነስ አገኘሁ» ካላችሁ ስልኩን ለእማዬ ስጣት በሉትና እሷን ጠይቋት።