የጥንት እመቤትን ሥዕል ሳይቆርጡ በፍሬም ማኖር

የመሳፍንት ወይም የመኳንንት ወገን የነበረች ሴት የመልክ ሥዕልን ኅትመት ግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ገና ሲጀምር ነው፤ ያማረ ፍሬም አስቀድሞ ይመርጥና ሥዕሉን በፍሬሙ ልክ ይቆርጣል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። እንዲህ ባለው ሥዕል ላይ የባለቤቲቱን ማዕረግ የሚናገረው ፊቷ ብቻ ሳይሆን ልብሷ፣ ጌጧ፣ የእጆቿ አቀማመጥና አጠገቧ የቆመው ሰው ጭምር በመሆኑ፣ ከዳር የተቆረጠው ሁሉ ስለ እርሷ ሊነገር ከታሰበው ላይ ይቀንሳል።

ለምሳሌ ፍሎረንሳዊው ሠዓሊ ብሮንዚኖ እ.ኤ.አ. በ1545 አካባቢ የሣላትን የቶሌዶዋን ኤሌኦኖራን እንውሰድ። የኔፕልስ እንደራሴ ልጅና የፍሎረንሱ መስፍን የቀዳማዊ ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ ሚስት የነበረችው ይህች ሴት፣ ዛሬ በፍሎረንስ ኡፊዚ ቤተ መዘክር በሚገኘው ሥዕሏ ላይ ከትንሽ ልጇ ጋር ትታያለች። በቀሚሷ ላይ ጎልቶ የተሸመነው የሮማን ፍሬ የመውለድ ምልክት ነው፤ አንገቷ ላይ ሉል አለ፣ ወገቧ ላይ ደግሞ በዕንቁ ያጌጠ የወርቅ መታጠቂያ። ዋናው ሥዕል ቁመቱ 115፣ ስፋቱ 96 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ቁመቱ የስፋቱ 1.2 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 40 በ30 የሆነ ኅትመት የሚያቀርብ ሻጭ ካጋጠመ ግን ሥዕሉን ካላጣመመው በስተቀር ከጎኑ መቁረጡ አይቀርም፤ በዋናው ሥዕል ልክ ሲሰላ የጠፋው ወደ 10 ሳንቲሜትር የሚጠጋ ስፋት ነው፣ ጉዳቱም በአብዛኛው የሚደርሰው ዳር ላይ በቆመው ልጅ ትከሻ ላይ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ኅትመት ከመግዛት በፊት የዋናውን ሥዕል ልክ ከቤተ መዘክሩ መረጃ ላይ ፈልጎ ቁመቱን ለስፋቱ ማካፈል ይገባል።

በነገራችን ላይ ቆራጩ የእኛ ዘመን ሰው ብቻ አይደለም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሣላት፣ አሁን በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ የምትገኘው የጂኔቭራ ዴ ቤንቺ ሥዕል ከታች በኩል ተቆርጣለች፤ ተመራማሪዎች ከቁራጩ ጋር የጠፉት እጆቿ ናቸው ብለው ያምናሉ።

ኅትመቱን በራስ ፋይል ለማሳተም ከታሰበ፣ ለ36 በ30 ሳንቲሜትር ወረቀት ወደ 4,250 በ3,540 ፒክስል የሚደርስ ምስል ያስፈልጋል፤ ከዚህ እጅግ ያነሰ ምስል የጥልፉን ክር ያደበዝዘዋል። ከአሲድ ነጻ በሆነ የጥጥ ወረቀት ላይ በፒግመንት ቀለም የታተመው ከተራው ኅትመት ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ግን አልመክርም፤ መስታወቱ ራሱ በሚያንጸባርቅበት ላይ ሌላ ነጸብራቅ መጨመር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው በኅትመቱና በፍሬሙ መካከል የሚገባው፣ ፓስፓርቱ የሚባለው መሐሉ የተከፈተ ወፍራም ካርቶን ነው። ሥዕሉን ከመቁረጥ የሚያድነው ይህ ነው። የ36 በ30 ኅትመት 50 በ40 በሆነ ዝግጁ ፍሬም ውስጥ ሲገባ በግራና በቀኝ 5 ሳንቲሜትር፣ ከላይ 6፣ ከታች 8 ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ ይተርፋል፤ ካርቶኑ ይህንን ይሞላዋል። የታችኛውን ማስፋት የቆየ የባለሙያ ልማድ ነው፤ አራቱም ጎን እኩል ሲሆን ሥዕሉ ወደ ታች የወረደ ይመስላልና። ካርቶኑ ኅትመቱን ከመስታወቱ ስለሚያርቀው፣ በእርጥበት ጊዜ ቀለሙ መስታወቱ ላይ እንዳይጣበቅም ይጠብቃል። ከኋላ የሚገባውም ካርቶን ከአሲድ ነጻ ሊሆን ይገባል፣ ተራው ካርቶን ወረቀቱን በጊዜ ብዛት ያቢጫዋልና።

ኅትመቱን ዙሪያውን ማጣበቅ ከባድ ስሕተት ነው፤ እኔም የመጀመሪያዬን በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቄው ክረምቱ ሲገባ እንደ ማዕበል ተጣጥፎ አገኘሁት። ወረቀት እርጥበት ሲስብ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ በስስ የጃፓን ወረቀትና ከስንዴ ስታርች በተሠራ ማጣበቂያ ከላይኛው ጠርዝ ብቻ በሁለት ቦታ ተንጠልጥሎ የቀረው ነጻ መተው አለበት።

የፍሬሙ ቀለም የጣዕም ጉዳይ ቢሆንም፣ ልብሷ በወርቅ ክር ለደመቀ እመቤት የሚያብለጨልጭ ወርቃማ ፍሬም መጨመር ከጌጧ ጋር ፉክክር መግጠም ነው። ጥቁር ቡናማ ወይም የደበዘዘ ወርቅማ እንጨት ይበቃታል። መስታወቱ አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚከላከል ቢሆን ይመረጣል፤ በመስታወት ምትክ አክሪሊክ የሚባለው ግልጽ ፕላስቲክ ከሆነ ግን አሞንያ ባለው ማጽጃ መወልወል የለበትም።

የሚሰቀልበት ግድግዳ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ ከምድጃና ከመታጠቢያ ቤት የራቀና ደረቅ ይሁን። የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 150 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ሲል ቆሞ የሚያይ ሰው ከእመቤቲቱ ጋር ዓይን ለዓይን ይገጣጠማል። የፍሬሙ ውጫዊ ቁመት 56 ሳንቲሜትር ከሆነና ሽቦው ሲወጠር ከላይኛው ጠርዝ 6 ሳንቲሜትር ዝቅ ካለ፣ ምስማሩ የሚመታው 172 ሳንቲሜትር ላይ ነው፤ ይኸውም 150 ሲደመር የቁመቱ ግማሽ 28፣ ሲቀነስ 6። ሁለት ምስማር ጎን ለጎን ቢሆን ፍሬሙ አይዘምምም። ከኋላ በታችኞቹ ማዕዘኖች ላይ ትንንሽ የጎማ ወይም የቡሽ ቁራጮች ይለጠፉ፤ በፍሬሙና በግድግዳው መካከል አየር የሚያልፈው በእነዚህ ነው።