በይነ ገጹና የስሌት ክፍሉ በተለያየ ቋንቋ የተጻፈ መተግበሪያ፦ ችግርና መፍትሄ

በይነ ገጹ (ተጠቃሚው የሚያየው ክፍል) በዳርት ቋንቋ በሚሠራው ፍላተር፣ የስሌት ክፍሉ በራስት ቋንቋ ተጽፎ ሁለቱ በኤፍኤፍአይ (አንዱ ቋንቋ በሌላው የተጻፈን ፈንክሽን በሚጠራበት መንገድ) የሚገናኙበት የሞባይል መተግበሪያ ሲያስቸግር፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመገናኛው ላይ ነው። ስለዚህ አንዱን ወገን ለብቻው ከመመርመር በፊት በመካከላቸው ምን እንደሚተላለፍና በምን መልክ እንደሚተላለፍ ማየት ይገባል።

ምልክት፦ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ቃል ሲፈለግ ቀለም የሚቀባው ሌላ ቦታ ነው፤ አንዳንዴም መተግበሪያው ስህተት ሰጥቶ ይቆማል። በእንግሊዝኛ ግን ያው ፍለጋ በትክክል ይሠራል።

ምክንያት፦ ራስት ጽሑፍን በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጡበት አንድ ኮድ) ስለሚይዝ ቦታን በባይት ይቆጥራል፤ ዳርት ግን የሚቆጥረው በሌላው ኮድ፣ በዩቲኤፍ-16 አሃድ ነው። የተለመዱት የግዕዝ ፊደላት በመጀመሪያው 3 ባይት፣ በሁለተኛው 1 አሃድ ይይዛሉ። በመሆኑም «ሰላም ለዓለም» በሚለው ሐረግ ውስጥ «ለዓለም» የሚጀምርበት ቦታ ለራስት 10፣ ለዳርት 4 ነው፤ ሐረጉ በዳርት ቆጠራ 8 አሃድ ብቻ ስለሆነ 10 ከክልሉ ውጭ ይወድቃል። የእንግሊዝኛ ፊደል በሁለቱም 1 ስለሚቆጠር በእንግሊዝኛ ብቻ የተደረገ ሙከራ ይህን ስህተት ፈጽሞ አያሳይም።

መፍትሄ፦ ራስት ውጤቱን ከመላኩ በፊት ከጽሑፉ መነሻ እስከ ተገኘው ባይት ያለውን ክፍል በዩቲኤፍ-16 ቆጥሮ ያንን ቁጥር ይላክ። በዳርት በኩል ለ3 ማካፈል አያዋጣም፤ ክፍት ቦታና የተለመዱት አኃዞች 1 ባይት ስለሆኑ ስሌቱ ወዲያው ይዛባል። ለአማርኛ አንባቢ የሚሠራ ሰው የሙከራ ጽሑፉን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአማርኛ ማድረግ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ዝርዝር ሲንሸራተት ስክሪኑ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ረጅም የራስት ሥራ ከዋናው አይሶሌት (አይሶሌት ማለት በዳርት ራሱን የቻለ የሥራ መስመር ነው፤ በይነ ገጹ የሚሠራው በዋናው ላይ ነው) በቀጥታ መጠራቱ ነው። የኤፍኤፍአይ ጥሪ መልስ እስኪመጣ ድረስ ጠሪውን ያስቆማል፤ በ60 ኸርዝ ስክሪን ላይ ግን ለአንድ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ከባዱን ሥራ ወደ ሌላ አይሶሌት ማዛወር፣ ብዙ ጥቃቅን ጥሪዎችንም በአንድ ጥሪ ማጠቃለል ይሻላል።

የሚሞሪ ፍጆታው ሳይቀንስ እየጨመረ ሲሄድ ደግሞ፣ ራስት የያዘውን ሚሞሪ የዳርት አጽጂ (የማያስፈልግ ሚሞሪን በራሱ የሚለቅቀው ክፍል) እንደማያውቀው ማስታወስ ያስፈልጋል። ይህን ሚሞሪ የሚለቅቀው ፈንክሽን በራስት በኩል ተጽፎ ዳርት ሥራውን ሲጨርስ ሊጠራው ይገባል።

በኮምፒውተር ኢሙሌተር (ስልክን በሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ የሚሠራው መተግበሪያ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ገና ሲከፈት የሚዘጋ ከሆነ፣ የራስት ላይብረሪው ለኢሙሌተሩ ፕሮሰሰር ብቻ ተገንብቶ ሊሆን ይችላል፤ ለ64 ቢት አርም (በስልኮች ላይ ለተለመደው የፕሮሰሰር ዓይነት)፣ አሮጌ ስልኮች ካሉም ለ32 ቢት አርም እንደገና ይገንባ።