ሁለት ጊዜ ያበላሸሁት የኮሪያ ሰላጣ

ኮሪያውያን ከጥብስ ሥጋ ጋር የሚያቀርቡት ሰላጣ አለ፤ ሳንግቹ ገትጆሪ ይሉታል። ሶሱ ጨው ጨው፣ ጎምዘዝ፣ ጣፈጥ ይላል። ቤት ስሞክረው ግን ሁለት ጊዜ ተበላሸብኝ።

መጀመሪያ የኛን በርበሬ ጨመርኩበት። ኮረሪማው ገንኖ ወጣና ሰላጣው ወጥ ወጥ አለ። ለካ የእነሱ ጎቹጋሩ ምንም ቅመም የለውም፤ ደርቆ ሸካራ ሆኖ የተፈጨ በርበሬ ብቻ ነው። እሱን ስላጣሁ ዛላ በርበሬ ፍሬውን አራግፌ ወቀጥኩ። ትንሽ ያቃጥላል እንጂ ይሠራል።

በሁለተኛው ሙከራ ቅጠሉ ወዲያው ጠወለገ፣ ሳህኑ ሥር ኩሬ ሠራ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ሰላጣውን አጥቤ ሳላደርቅ፣ ያውም እንግዳ ሳይመጣ ለወስኩት። ጨው ደግሞ ከቅጠል ውሃ ስቦ ያወጣል። አሁን በንጹሕ ፎጣ አደርቀዋለሁ። የምለውሰውም ሰው ሁሉ ማዕድ ከቀረበ በኋላ ነው።

መጠኑ ለአንድ ትልቅ ሳህን፦ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አቼቶ፣ ስኳርና የወቀጥኩት ዛላ በርበሬ እያንዳንዳቸው 1 የሾርባ ማንኪያ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት። ስኳሩ ሟሙቶ እስኪያልቅ አማስላለሁ፤ አለዚያ እንደ አሸዋ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። 1 የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት መጨረሻ ላይ ይገባል። ከተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀው ቡናማው ይሁን፤ ነጣ ያለው ያን ሽታ አይሰጥም። ከላይ ቆላ ያደረግኩትን ሰሊጥ በጣቴ ፈትጌ እበትንበታለሁ።

ትናንት ሥጋው ሳይነካ ሰላጣው አለቀ።