ለፓትም ለቺፕም የሚሆን አንድ የጎልፍ ዱላ ጎንደር ላይ እንዴት እንደሚሠራ

ኳሷ ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት ሣሩ ያጠረ ቦታ) ዳር፣ ከጉድጓዱ 10 ወይም 15 ሜትር ርቃ ስትቀመጥ ተጫዋቹ ሁለት ምርጫ አለው። ወይ በቺፐር ትንሽ አንሥቶ ያንከባልላታል፣ ይህ ቺፕ ነው፤ ወይ በፓተር መሬት ለመሬት ይገፋታል፣ ይህ ፓት ነው። የፓተር ፊት ወደ ኋላ የሚያጋድለው 3 ወይም 4 ዲግሪ ብቻ ነው። የቺፐር ፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በላይ ያጋድላል። እዚህ ጎንደር ሁለቱን ለየብቻ ገዝቶ መያዝ ለብዙ ወጣት የሚታሰብ አይደለም። አንድ ዱላ ግን ሁለቱንም ሥራ በደንብ ይሠራል። ፊቱ አንድ ይሁን፣ ሶሉ፣ ማለትም መሬት የሚነካው የጭንቅላቱ ግርጌ፣ ደግሞ በትክክል ይሞረድ።

ሁለት ፊት አትሥሩ

«ለሁለት አገልግሎት» ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ከአንዱ ጎን ቀጥ ያለ፣ ከሌላው ጎን የተጋደመ ፊት ነው። ገና ሲጫወት ያደገ ልጅማ በዱላው ግራና ቀኝ ሩሯን መምታት ስለለመደ ሌላ ሐሳብም አይመጣለት። የጎልፍ ሕግ ግን አይፈቅድም። አንድ ዱላ መምቻ ፊቱ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ፊት የሚፈቀደው ለፓተር ብቻ ሲሆን፣ ያውም ሁለቱ ፊቶች አንድ ዓይነት ከሆኑ ነው።

ሕጉን እንተወው ብንል እንኳ ዱላው ራሱ አይመችም። ባለ ሁለት ፊቱን አሠርቼ ሞክሬዋለሁ። ጭንቅላቱ ይከብዳል። በቀጥታው ፊት ስትመቱ ከኋላ ያለው ከንፈር (የፊቱ የታችኛው ጠርዝ) ሣር እየጎተተ ይመጣል። ዱላውን ባዞራችሁ ቁጥርም ዓይናችሁ እንደ አዲስ መልመድ አለበት።

የሚሻለው 24 ዲግሪ የሚያጋድል አንድ ፊት ነው። ለቺፕ ዱላውን ቀጥ አድርጋችሁ ትመታላችሁ። ለፓት እጃችሁን ወደ ዒላማው ታስቀድማላችሁ። ዱላው 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ፣ እጅን 15 ሴንቲ ሜትር ማስቀደም ከፊቱ 10 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 24ቱ 14 ሆነ ማለት ነው። 14 ዲግሪ በማሽን ለተላጨ ግሪን ይበዛል። የእኛ ሜዳ ሣር ግን እንደዚያ አይደለም። ኳሷ ከተቀመጠችበት ዘለል ብላ ካልወጣች መንገድ ላይ ትቀራለች። ያቺ ትንሽ ዝላይ እዚህ ትጠቅማለች።

ፊቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ካጋደለ ዱላው በሕጉ ዓይን ፓተር አይደለም። ስለዚህ ዘንጉ ተረከዙ በኩል፣ ማለትም ለተጫዋቹ ቅርብ በሆነው የጭንቅላቱ ጫፍ፣ ይገጠማል፤ መሐል ላይ መትከል የሚቻለው ፓተርን ብቻ ነው። እጀታውም ክብ መሆን አለበት።

ሁለት ካርቶን ቁረጡ

የዲግሪ መለኪያ መግዛት አያስፈልግም። ካርቶን ላይ ቁመቱ 10፣ ግርጌው 4.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ ቀጥ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ሥሉና ቁረጡት። የተጋደመው ጎኑ ከቁመቱ 24 ዲግሪ ይርቃል። ይኼ ለፊቱ ነው። ሌላ ደግሞ 10 በ3.6 ቁረጡ። እሱ 20 ዲግሪ ይሰጣችኋል፤ ዘንጉ ወደ ተጫዋቹ የሚያጋድልበት ልክ ነው። ሕጉ ቢያንስ 10 ዲግሪ ይጠይቃል።

በስልክ የሚለካ አፕም አለ። እኔ ግን ካርቶኑን እመርጣለሁ፤ ስልክ ከጭንቅላቱ ስለሚበልጥ ፊቱ ላይ በደንብ አያርፍም።

ብየዳው

10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ ጠፍጣፋ ብረት፣ 80 በ38 ሚሊ ሜትር አስቆርጡ። ይህ ብቻውን 240 ግራም ያህል ነው። ከጀርባው ግርጌ ላይ 80 በ12 በ10 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ አስበይዱበት። 75 ግራም ይጨምራል፣ ሶሉንም ያሰፋል። ክብደቱ ወደ ታች ሲሆን ኳሷን ማንሣት ይቀላል።

ብየዳ ቤት ውስጥ «ባሌስትራ ይሻላል፣ አይበገርም» የሚል አይጠፋም። እሺ አትበሉ። የመኪና ባሌስትራ ካርቦኑ ከፍ ያለ ብረት ስለሆነ በብየዳው ዳርና ዳር ይሰነጠቃል፤ ቶሎ እንዲበርድ ብለው ውሃ ከነከሩትማ የባሰ ነው። ኋላ አንገቱን ትንሽ ላጥፍ ብትሉም አይታጠፍላችሁም። ተራው ብረት ለዚህ ሥራ ይበቃል።

አንገቱ 6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ነው። ጭንቅላቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና በመጀመሪያው ካርቶን ልክ ፊቱን ወደ ኋላ አጋድሙት። በዚህ ጊዜ ከኋላ ጠርዙ ላይ ብቻ ይቆማል፣ ከንፈሩም ከጠረጴዛው ይነሣል። ችግር የለውም፣ በኋላ ይስተካከላል። አንገቱ ከፊት ለፊት ሲታይ በሁለተኛው ካርቶን ልክ ያጋድል። ከጣቱ (ከተረከዙ ተቃራኒ ካለው ጫፍ) በኩል ሲታይ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቁም። በያጁ መጀመሪያ በሁለት ነጥብ ብቻ ያያይዘው። ካርቶኖቹን መልሳችሁ አስጠግታችሁ ካያችሁ በኋላ ይጨርሰው። ሙቀቱ ብረት ስለሚስብ ይህን ማየት የግድ ነው።

ሶሉ፣ ዋናው ሥራ

ዱላው ዱላ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ብረቱን 24 ዲግሪ ስላጋደማችሁት የሶሉ ኋላ ወደ ታች ወርዷል። ከንፈሩ ከመሬት 9 ሚሊ ሜትር ያህል ተነሥቷል። እንዲህ ሆኖ ከተመታበት ሶሉ መሬት ላይ ይነጥርና ከንፈሩ የኳሷን ሆድ ይመታል፤ ኳሷም መሬት ለመሬት እንደ ጥይት ትሄዳለች። ሁሉንም ሞርዳችሁ ሶሉን ለጥ ካደረጋችሁት ደግሞ ከንፈሩ መሬት ይቆፍራል። እጅ በቀደመ ቁጥር ከንፈሩ ይበልጥ ወደ ታች እንደሚወርድ አስቡ። ለቺፕ እጅን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ማስቀደም ብቻ ከሶሉ 3 ወይም 4 ዲግሪ ይበላል።

የሚፈለገው መሐሉ ነው። ከንፈሩ ከኋላ ጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቅር። ሶሉ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ይህ 6 ዲግሪ ይሆናል። ጎንደር ላይ ይህን ልክ የምመርጠው በመሬቱ ምክንያት ነው። በጥርና በየካቲት መሬቱ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ሶሉ ብዙ ካበጠ ይነጥራል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ይረሰርሳል፤ ከንፈሩ ዝቅ ካለ ይሰምጣል። 6 ዲግሪ ሁለቱንም ወቅት ይችላል።

በግራይንደር ከኋላ ጠርዙ ጀምራችሁ ብዙውን አንሡ። የከንፈሩ ከፍታ ከ9 ወርዶ 4 ሚሊ ሜትር ሲቀር ግራይንደሩን አስቀምጡት። ከዚያ ወዲያ ሞርሳ ላይ አስሩትና በሞረድ ብቻ ሥሩ። ግራይንደር ፈጣን ነው፣ ግን አንዴ ከጎደለ የሚመልሰው የለም። መነጽርም አድርጉ።

አሁን ሶሉን ሙሉ በሙሉ ጠመኔ ቀቡት። ዱላውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና ለጥ ያለ ጣውላ ላይ ኳስ እንደምትመቱ አንድ ሁለቴ አንሸራትቱት። ገልብጡና እዩ። ጠመኔው የተፋቀው ኋላ ጠርዙ ላይ ብቻ ከሆነ ገና ብዙ ብረት አለ። ከንፈሩ ሥር ከሆነ ቆፋሪ ሊሆን ነው፣ ከንፈሩን ራሱን አክብቡት። ከንፈሩ ንጹሕ ሆኖ መሐሉ ላይ ሰፋ ያለ መስመር ከተፋቀ ደርሳችኋል። እየሞረዳችሁ እየቀባችሁ ደጋግሙት። ቸኩሎ የጨረሰው ሰው ዱላ ያስታውቃል፤ ሣሩ ላይ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል።

በመጨረሻ ከንፈሩን በሞረድ አለስልሱት። ስለታም ከሆነ እንደ ማረሻ ይገባል። ተረከዙንና ጣቱንም ትንሽ ወደ ላይ አንሡ፤ ተዳፋት ላይ ስትቆሙ እንዳይነካባችሁ።

ፊቱ ለጥ ይበል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። መስመር መቅረጽ አያስፈልግም።

ዘንግና እጀታ

አሮጌ የጎልፍ ዱላ ዘንግ ካገኛችሁ እሱን ተጠቀሙ። ካልተገኘ ሽመል ጥሩ ነው። የቆላ ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ስለሆነ ይበረታል፣ ከብረት ቱቦም ይቀላል። በደንብ የደረቀና ቀጥ ያለ ምረጡ። እርጥቡ ሲደርቅ ይሸሻል፣ አንገቱ ውስጥም ይላላል። አንጓዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ስታስተካክሉ ቅርፊቱን አትፋቁ፤ ጥንካሬው ያለው እዚያ ነው። አንገቱ ውስጥ በኢፖክሲ ማጣበቂያ ግጠሙትና አንድ ሌሊት ተዉት።

ለአዋቂ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ86 እስከ 89 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለልጅ አሳጥሩት፣ ግን ሕጉ ከ45.7 ሴንቲ ሜትር በታች አይፈቅድም። ለእጀታው የብስክሌት ከመነዳሪ በቀጭኑ ቆርጣችሁ ወጠር አድርጋችሁ ጠምጥሙ። እንደ ፓተር እጀታ አንድ ጎኑን ጠፍጣፋ አታድርጉት።

ሙከራ

ፋሲል ግቢ ያለው ሣር ዓይን ይስባል። ግን ግቢው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ እዚያ ኳስ አትምቱ። ከከተማው ወጣ ብላችሁ በግ የሚግጠው ሜዳ ፈልጉ፤ ባለቤቱን ወይም እረኛውን አስፈቅዱ። በጎች ሣሩን አሳጥረው ይጠብቃሉ። ስኮትላንድም ጨዋታው ያደገው በግ በሚግጠው የባሕር ዳር ሜዳ ላይ ነው።

በእውነተኛ የጎልፍ ኳስ ሞክሩ። ክብደቱ ከ45.93 ግራም አይበልጥም፣ ስፋቱ ከ42.67 ሚሊ ሜትር አያንስም። በላስቲክ ኳስ የተሞከረ ዱላ ምንም አይነግራችሁም። 108 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ካርቶን ቁረጡ፤ የጉድጓዱ ልክ ነው። ከ3 ሜትር በፓት፣ ከ10 ሜትር በቺፕ ወደ እሱ ምቱ። ለቺፕ እግር ገጠም፣ ክብደት ወደ ዒላማው እግር፣ የእጅ አንጓ ሳይታጠፍ እንደ ፓት መምታት ነው። ለፓት ሶሉን መሬት አታስነኩ።

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፣ ረጅም ምት ላይ ኳስ ትርቃለች። ለ10 ሜትር ቺፕ ግን ለውጡ ከቁጥር አይገባም። በዚህ ምክንያት ዲግሪውን አትንኩ።

በፓት ጊዜ ኳሷ አብዝታ ከዘለለች መጀመሪያ እጃችሁን ይበልጥ አስቀድሙ። ካልሆነ ጭንቅላቱን ሞርሳ ላይ አስራችሁ አንገቱን ወደ ኋላ፣ ማለትም ከዒላማው በተቃራኒ፣ ቀስ ብላችሁ አንድ ሁለት ዲግሪ አጥፉት። ፊቱ ያጋድላል እንጂ አይቀንስም ብላችሁ ከፈራችሁ ካርቶኑን አስጠግታችሁ እዩ፤ ዘንጉ ቀጥ ሲል ፊቱ ወደ ፊት መጥቷል ወይስ ወደ ኋላ ሄዷል? ወደ ኋላ ከሄደ በተቃራኒው መልሱት። ከታጠፈ በኋላ ሶሉም ስለሚለወጥ ጠመኔውን እንደገና ቀቡ።